በመካከል የቆመው ኮረብታ

መርዶው የመጣልኝ ሐምሌ ውስጥ፣ በማለዳ ነው። ሦስት ጎረቤቶቼ አንድ ላይ ሆነው በሬን ሲያንኳኩ ገና ሳይናገሩ ገባኝ። ባሌ ታረቀኝ በየተራራው የሬዲዮ ምሰሶ የሚተክል ባለሙያ ነበር። አንዱን ጠግኖ ሲመለስ የሞላ ወንዝ ወሰደው። ወሬው ከቆላው ጤና ጣቢያ እኛ ከተማ የደረሰው እሱ ራሱ ባቆመው ሬዲዮ ነው።

በሰባተኛው ቀን እኅቱ አንጓች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ከለቅሶ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጮኼ አንድ ቃል እንኳ ደርሶት ይሆን? ወይስ ከዚህም በላይ መጮህ ነበረብኝ?» አለችኝ። እኔም እንዲህ ስል ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ።

«ወንድሜን ነው?» አለች።

«አንድ ሰው ነው ያልኩሽ። ዝም ብለሽ ስሚ።»

ይህ ሰው ከቆላው ጤና ጣቢያ እስከ ከተማው ሆስፒታል ድምፅ እንዲያደርስ ታዘዘ። በቆላው ያለችው አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። ምጥ የጠናባት ሴት ስትመጣባት አምቡላንስ የምትጠራበት መንገድ አልነበራትም። በዚያ ዓመት ሁለት እናቶች እጇ ላይ ሞተውባታል። ሰውየው ክረምት ሳይገባ ጨርስ ተባለ።

በከተማው በኩል ካለው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቆመ። ጓደኛው በቆላው በኩል ሆኖ መስታወት ለፀሐይ ያዘለት። ብልጭታው በመካከላቸው ባለው ጉብታ ላይ ከበቀሉት ባሕር ዛፎች ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ታየው። ከታየኝ ይበቃል አለና በሁለቱም በኩል ምሰሶ ተክሎ፣ ሥራው አልቋል ሲል ለአለቃው ላከ። የነርሷ ድምፅ ግን እየተቆራረጠ መጣ። «ደም» የሚለው ቃል ይሰማል፤ የማን ደም እንደሆነ አይሰማም።

አለቃው ኃይል ጨምርበት አለው። ጨመረ። ጩኸቱ በረታ እንጂ ቃሉ አልጠራም።

ያን ጊዜ ስህተቱ ገባው። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ክር ቀጥኖ አይሄድም፤ መሀል መንገድ ላይ ሲደርስ ይሰፋል። ጭድ የተጫነች አህያ በጠባብ በር ስትገባ ራሷ ያልፋል፣ ጭነቷ ግን በግራና በቀኝ ይያዛል። የሰውየው ዓይን አልፎ ነበር፤ ጭነቱን ግን አልለካም።

ወደ ዛፎቹ ባለቤት፣ ወደ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ሄዶ ለመነው። ገበሬው ዛፎቹን ለልጁ ቤት መሥሪያ እንዳቆያቸው ነገረው፤ ቢሆንም አልከለከለውም። «ለእናቶቹ ከሆነ ቁረጥ። ግን ባሕር ዛፍ መሆኑን አትርሳ፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በየሦስት ዓመቱ መጥረቢያ ይዘህ ልትመጣ ነው፣ ወይስ እዚሁ ሚስት እንፈልግልህ?» አለው።

ሰውየው ሳቀ። ዛፎቹን ግን ሳይነካ ተመለሰ። ወደ አለቃው መልእክት ልኮ፣ ሥራው አልቋል ያልኩት ተሳስቼ ነው አለ። ከሁለቱም ራቅ ብሎ የቆመ፣ የመኪና መንገድ የማይደርስበት ሦስተኛ ኮረብታ ነበረ። በዚያ ዞሮ ለሚሄድ ድምፅ መንገዱ ይረዝማል፤ ነገር ግን ከዚያ ሆኖ ከተማውም ቆላውም ወለል ብሎ ይታያል፣ በመካከልም የሚነካው ነገር የለም። አለቃው ክረምቱ ደርሷል፣ አይሆንም አለ። ሰውየው ብረቱን በሰው ትከሻ፣ ባትሪውን በገበሬው በቅሎ አወጣው። በአሥረኛው ቀን፣ ዝናብ እየመታቸው፣ ምሰሶው ቆመ። ከአንዱ ወገን የሰማውን ተቀብሎ ለሌላው ያደርስ ጀመር።

ነርሷ እንደ ልማዷ ጮኻ ተናገረች። ከሆስፒታሉ የመለሰላት ሰው፣ «እኅቴ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ አጠገቤ ያለሽ ያህል ይሰማኛል» አላት። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ምጥ ጠናባት። አምቡላንሱ ወንዙ ሳይሞላ ደረሰላት።

ይህን ብዬ ወደ አንጓች ዞርኩ።

«እኛም እንደዚያ ሰው ነን» አልኳት። «ወንድምሽ ከጉብታው ማዶ ነው። ጩኸታችን ከኀዘናችን ጋር እየተጋጨ ወደ እኛው ይመለሳል፤ ብንጨምርበትም አይሻገርም። ጉሮሮሽን አሳርፊው። ነገ ተነሥተን ከፍ ወዳለው እንሄዳለን። ስሙን በቅዳሴ እናስጠራለን፣ በስሙ የተራበ እናበላለን። እኛንም እሱንም የሚያይ አምላክ በመካከል አለ፤ የኛን ተቀብሎ ያደርስልናል።»

አንጓች ዓይኗን ጠረገች። «መንገዱ ይረዝማል?» አለችኝ።

«ይረዝማል። እንሄደዋለን።»

ይህን የጻፍኩት አርባው ሳይደርስ፣ እንዳይረሳኝ ብዬ ነው። የእኔም ድምፅ አንዳንድ ቀን ይቆራረጣል። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እንደዚያ ኮረብታ በመካከል ቁሙልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። መጮህ አያስፈልግም፤ ቀስ ብላችሁ፣ ነፍሱን ይማር በሉለት።