ዱላው ያረፈባት ውሻ

ዓይኑ የማያይ አንድ ሰው ነበረ። የሚመራው ዘመድ አልነበረውም፤ የምትመራው ውሻ ነበረችው።

ወለተ ሐና፣ እኔ የነፍስ አባትሽ ይህን የምነግርሽ «ሁለቱ ልጆቼ ሊተላለቁ ነው፤ ታላቁን ልርገመው ወይስ ዝም ልበል?» ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ ነው። መልሱ ከነገሩ መጨረሻ ላይ አለ። ተቀመጪና ስሚኝ።

ሰውየው ዳዊት በቃሉ ይደግም ነበር። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ከነሣው በኋላ፣ መዝሙራቱን ሁሉ ከመምህሩ አፍ በጆሮው ተቀብሎ በልቡ አኖራቸው። በአካባቢው አልጋ የያዘ ሰው ሲኖር ይጠራል፤ ከራስጌው ተቀምጦ ይደግማል። ከዚህ በቀር ሥራ አልነበረውም፤ የዕለት ጉርሱም የሚገኘው ከዚሁ ነበር። ወደ ድውዮቹ ቤት የምታደርሰው ያቺ ውሻ ናት። ማንም አላስተማራትም። ቡችላ ሳለች ተጥላ አግኝቶ አሳደጋት፤ እርሷም ሲደናቀፍ እያየች ቀስ በቀስ መንገዱን ለመደችለት። በአንገቷ ገመድ አሰረላት፤ እርሷ ትቀድማለች፣ እርሱ ይከተላል። ጉድጓድ ሲያጋጥም ትቆማለች፤ ወንዝ ሲደርሱ ትተኛለች። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ከቅጥሩ ውጭ ሆና ትጠብቀዋለች እንጂ ደጁን አልፋ አታውቅም። «እሜቴ» ብሎ ይጠራት ነበር። የመንደሩ ሰዎችም «እሜቴ ሎሌያቸውን አስከትለው ወጡ» እያሉ ይስቁበታል፤ እርሱም አብሯቸው ይስቃል።

በዚያው መንደር አንድ ባለጠጋ ነበረ። ደጃፉ በሁለት የድንጋይ ካቦች መካከል በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ዳር ነው። ይህ ባለጠጋ ከሩቅ አገር አንድ ታላቅ ውሻ አስመጥቶ በደጃፉ ላይ በሰንሰለት አሰረው። ያዩት ሰዎች ጥጃ ያህላል ይላሉ። ዓይነ ስውሩ ግን ስለ ውሻው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ውሻ አይጮኽም። የሚጮኸው ሰንሰለቱ ነው። ሰው ሲያልፍ ውሻው ብድግ ይላል፤ ሰንሰለቱ ከድንጋዩ ጋር ይፋጫል፤ ከዚያም ተወጥሮ ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ ላይ ያን ድምፅ በሰማ ቁጥር ካቡን ተጠግቶ ይቆም ነበር። ውሎ አድሮ ግን ድምፁን ወደደው፤ ሰንሰለቱ ከተሰማ ውሻው ታስሯል ማለት ነውና። በደጃፉ ባለፈ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል፤ የብረቱን ፍጭት ሲሰማ «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። ሌላ መንገድ አልነበረም።

ከዕለታት በአንዱ፣ ረፋድ ላይ፣ ወደ አንዲት ሕመምተኛ ቤት ተጠርቶ ወጣ። ወደ ጠባቡ መንገድ ገባ። የግራ እጁ ካቡን እየዳሰሰ፣ የቀኝ እጁ ገመዱንና ዱላውን ይዞ ሄደ። ወደ ባለጠጋው ደጃፍ መቃረቡን ከጋጣው ሽታ ዐወቀ። እንደ ልማዱ ትንፋሹን ያዘ፤ ጆሮውንም ሰጠ።

ሰንሰለቱ አልተሰማም።

ጥቂት ጠበቀ። «ተኝቶ ይሆናል» አለ በልቡ። አንድ እርምጃ ተራመደ፤ አሁንም ጸጥታ። ሌላ እርምጃ ሊጨምር ሲል ገመዱ በእጁ ላይ ላላ፤ እሜቴ ቆማለች። በዚያ ቦታ ጉድጓድ እንደሌለ፣ ወንዝም እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ የቆመችው ስለ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ከፊት ለፊት ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማ። የሚቸኩል እርምጃ አይደለም፤ አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ከባድ መዳፍ ነው። ከኋላው የሚጎተት ብረት የለም።

ሊጣራ አሰበ፤ ምላሱ ከትናጋው ተጣብቆ እምቢ አለው። ያደረገው ነገር ገመዱን በመዳፉ ጠቅልሎ ውሻይቱን ወደ ጉልበቱ መሳብ ብቻ ነበር። ሊጠብቃት ብሎ ነው ያደረገው። ነገር ግን ፍርሃቱ በገመዱ ወርዶ ወደ እርሷ ገባ። መሸሽ ትችል ነበር፤ መሬት ተኝታ መለማመጥም ትችል ነበር፤ እርሱ ግን አንገቷን ወጥሮ በቁሟ ያዛት። እርሷም በተያዘችበት ጥርሷን አሳየች።

ታላቁ ውሻ ያለ ምንም ድምፅ ዘለለ።

ገመዱ መዳፉን ልጦት ወጣ። ከእግሩ ሥር ማጓራት፣ ማላዘን፣ የጥርስ መንቀጫቀጭ ተነሣ፤ አንድ ከባድ ነገር ቅልጥሙን መትቶት ከካቡ ጋር አላተመው። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። ሰው አልጠፋም። በዚያ ያልፍ የነበረ አንድ ነጋዴ አህያውን ጥሎ ካብ ላይ ወጥቷል። ውኃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሴት ከመንገዱ ጫፍ ቆማለች። የባለጠጋው ዘበኛም ከበሩ ወጥቶ ደርቆ ቀርቷል።

«አባ፣ ራቁ! እኔንም አይሰማኝም!» አለ ዘበኛው።

«በቀኝህ ነው! በቀኝህ በኩል ምታው!» ብሎ ነጋዴው ከላይ ጮኸ።

«አንተ ዓይን ያለህ ውረድና ምታው እንጂ!» አለች ሴትየዋ። «ካብ ላይ ሆኖ መምራት ማን ያቅተዋል?»

«ምታ እልሃለሁ፣ አባ! በቀኝ! አሁን!»

ዓይነ ስውሩ ዱላውን አነሣ። በሕይወቱ ሙሉ ባላወጣው ኃይል በቀኙ በኩል አወረደው። ዱላው ሥጋ ላይ አረፈ። ከዚያም አንድ ጩኸት ወጣ። ያን ጩኸት ያውቀዋል፤ በአንድ ወቅት ሳያውቅ ጅራቷን በመዝጊያ የቆለፈባት ጊዜ ሰምቶታል። ነጋዴው «በቀኝ» ሲል በቀኝ የነበረው ታላቁ ውሻ፣ ቃሉ ከካቡ እስኪወርድ ድረስ ተገልብጦ በግራ ሆኗል። የተመታችው እሜቴ ናት።

«መታኋት!» አለ። «የራሴን መታሁ!»

«በግራ! አሁን በግራህ ነው!» አለ ነጋዴው።

እርሱ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማውም። ዱላው እግሯን ስለ ሰበራት ጉልበቷ ከድቷት ነበር፤ ይህን ከማላዘኗ መድከም ዐወቀ። ድምፅዋ ታፈነ። ጉሮሮዋ ተይዟል። እርሷ ከሞተች ነገ ወደ ድውዮቹ ቤት የሚያደርሰው የለም፤ ከነገ ወዲያ የሚበላው የለም፤ ከዚያም በኋላ በቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የራሱን ትንፋሽ ሲሰማ ይኖራል። ይህ ሁሉ በአንዲት ቅጽበት በልቡ አለፈ። የትኛው በላይ፣ የትኛው በታች እንደሆነ ሊያውቅ አልቻለም። ከዚያም ሊያውቅ መፈለጉን ተወ።

ዱላውን ጣለ። የለበሰውን ጋቢ ከትከሻው አውልቆ በሁለት እጁ ዘረጋና በሁለቱም ላይ ጣለው። ራሳቸውን፣ አንገታቸውን፣ ጥርሳቸውን አለበሰው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እርሱ ብቻውን የኖረበትን ጨለማ አካፈላቸው።

ከጋቢው ሥር የነበረው ሁከት ቆመ። ታላቁ ውሻ የሚያየው ሲጠፋበት አፉን ከፈተ፤ ለማሽተት አንድ ጊዜ በኃይል ተነፈሰ። ዓይነ ስውሩ ትንፋሹ ካለበት ርቆ ከኋላ በኩል ተንበረከከ፤ እጁንም በጀርባው ላይ እያስኬደ ወደ አንገቱ አቀረበ። ገመድ አላገኘም። ያገኘው የተላጠ ቆዳ ነው። ሰንሰለቱ የከረመበት አንገት ዙሪያውን ቆስሎ፣ እርጥብ ሆኖ፣ በጣቱ ሥር ተሸማቀቀ። ያን ጊዜ የያዘው የትኛውን እንደሆነ ዐወቀ፤ ያላወቀውን ሌላ ነገርም ዐወቀ።

«አንተ ዘበኛ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ና፣ የኋላ እግሮቹን ያዝ።»

«ይበላኛል፣ አባ!»

«አያይህም። እኔንም አላየኝም። ሳትጮኽ ያዝና ወደ ኋላ ጎትት፤ አስገባውና በሩን ዝጋ።»

ዘበኛው መጥቶ የኋላ እግሮቹን ያዘ። ታላቁ ውሻ ጋቢው ራሱ ላይ እንደተጠመጠመ ወደ ኋላ ተጎተተ። በሩ ተዘጋ። መወርወሪያውም ተወረወረ።

ነጋዴውም ያን ጊዜ ከካቡ ወረደ። «ይህ ውሻ ይገደል! ባለቤቱም ይከሰስ! እኔ ምስክር ነኝ፤ ሁሉንም አይቻለሁ!» እያለ እጁን አወናጨፈ።

«አዎን፣ ከላይ ሆነህ» አለች ሴትየዋ።

ዓይነ ስውሩ በዳበሳ እሜቴን አግኝቶ አጠገቧ ተንበረከከ። «ውኃ አለሽን፣ እኅቴ?» አለ። ሴትየዋ እንስራዋን አወረደች። እርሱም የእሜቴን ገላ በጣቱ ይፈትሽ ጀመር። ደም በሚወርድበት በአንገቷ ላይ አልቆመም፤ ጠጉሯን እየከፈለ፣ ቆዳዋን እየዳሰሰ ሄደ። ከፊት እግሯ ሥር ደም የሌላት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አገኘ። ጣቱ ሲነካት እሜቴ ዞራ እጁን ነከሰችው።

«አየህ!» አለ ነጋዴው። «ውለታ ቢስ! ያዳናትን እጅ!»

«እርሷ አይደለችም» አለ ዓይነ ስውሩ። «ሕመሟ ነው።» የተነከሰውንም እጁን አልሰበሰበም።

ቁስሏን አጠበላት፤ ከዚያም በሳሙና የራሱን እጅ ብዙ ጊዜ አጠበ። የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይሆን ፈርቶ ያንኑ ዕለት ሴትየዋ እጁን ይዛ ወደ ሐኪም አደረሰችው፤ የእንስሳ ሐኪምም ለውሻይቱ ተጠራ። ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ከዚያች ሰዓት ይልቅ ያስፈሩ ነበር። ከጎኑ አስተኝቷት ትንፋሿን ያዳምጣል፤ ሲቆራረጥ ይነሣል፤ ሲቀጥል ደግሞ እውነት መቀጠሉን ስለማያምን አይተኛም። በስምንተኛው ቀን ተነሥታ ውኃ ጠጣች። እርሱም ውኃውን ስትልስ እየሰማ አለቀሰ።

ከተነሣች በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሆነው ነገር ያን ጊዜ ተገለጠ። ዘበኛው የውሻው አንገት መቁሰሉን አይቶ አሳዝኖት፣ ቁስሉን ሊያጥብለት ሰንሰለቱን ፈትቶ ነበር፤ ውኃ ሊያመጣ ዞር ሲል አመለጠው። ሽማግሌዎቹም ባለጠጋውን አጥር እንዲያጥር አደረጉት፤ ያ ሰንሰለት ዳግመኛ በዚያ አንገት ላይ እንዳይውል ፈረዱ፤ ለሐኪሙም እንዲከፍል አዘዙ። ማንም አልተገደለም።

እሜቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የታላቁ ውሻ ንክሻ ሁሉ ደርቆ ጠጉር አበቀለ። አንድ ነገር ግን አልዳነላትም፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ታነክስ ነበር። የምታነክሰውም ጌታዋ በዱላ በመታት እግሯ ነው። ከፊቱ ስትሄድ ያን እርምጃ ይሰማዋል፤ ሦስቱ እግር ያርፋል፣ አራተኛው ይዘገያል። በሄደበት ሁሉ ይህን እየሰማ ኖረ።

ወለትየ፣ «ታላቁ ልጄ ታናሹን በጉሮሮው ይዞታል» አልሽኝ። እውነት ነው፤ አልክድሽም። ጎረቤቶችሽ ደግሞ ከካባቸው ላይ ሆነው «እርሱን ነው፣ እርሱን እርገሚው» ይሉሻል። የእናት እርግማን ግን በድብልቅልቅ መካከል የሚወርድ ዱላ ነው። ለታላቁ ብለሽ ትሰነዝሪዋለሽ፤ ሁለቱ ግን ከአንድ ማሕፀን የወጡ፣ አንዱ ከሌላው ጋር የተጠመጠሙ ናቸው። የሚጮኸው ማን እንደሆነ የምትሰሚው ካረፈ በኋላ ነው። ወንድም በወንድሙ ላይ ያሳረፈው ቁስል ይድናል፤ አንቺ ያሳረፍሽው ግን እስከ ልጅ ልጅ ያነክሳል።

ዝም በዪ አላልሁሽም። ያ ሰው ዝም ብሎ ቢቆም ውሻይቱ ትሞት ነበር። እኔ የምልሽ ዛሬ የማን ጥፋት እንደሆነ አትጠይቂ ነው። አንዱ የሌላውን ፊት እንዳያይ አድርጊ። ታላቁን ወደ ወንድምሽ ቤት ላኪው፤ ታናሹ ከአንቺ ጋር ይደር፤ መዝጊያ በመካከላቸው ይቁም። ሽማግሌ የሚቀመጥበት ቀን ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ሁለቱንም በጣትሽ ፈትሺ፤ ደም ባለበት ብቻ አትቁሚ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያን ቤት ሲጎትት የኖረው ታላቁ ልጅሽ ነው፤ አንገቱን አይተሽለት ታውቂያለሽን? ስትነኪው ቢነክስሽም እጅሽን አትሰብስቢ።

አሁን ተነሺ። ተያይዘው ሳሉ እዚህ ከእኔ ጋር መቀመጥሽ ያስፈራኛል። ሂጂ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለያያቸው።