ጆሮዋን የጠረጠረች ተማሪ

አንዲት ዓይናዲስ የምትባል የነርስነት ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ወጣች። የደረሷት አሠልጣኝ ሲስተር ተናኘ ነበሩ። ሲስተር ተናኘ ሥራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ፣ ምላሳቸው ግን ከመርፌያቸው የሚብስ ሴት ናቸው። "መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ" ይባላል፤ እሳቸው ዘንድ ግን መጠየቅ የሚያደርገው መሳቂያ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተማሪ የታካሚ የደም ግፊት በማዳመጫ ሲለካ፣ "ሲስተር፣ ድምፁ አልሰማ አለኝ" አላቸው። እሳቸውም በታካሚዎቹ ሁሉ ፊት፣ "ጆሮህን ዶርም ጥለኸው ነው የመጣኸው?" አሉት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ወዲያ "ድምፁ አልሰማ አለኝ" የሚል ተማሪ ጠፋ። ሲስተርም "ዘንድሮስ ጎበዞች ደረሱኝ" እያሉ ይደሰቱ ጀመር።

አንድ ጠዋት ዓይናዲስ ገና የተገላገለች አራስ የደም ግፊት ልትለካ ሄደች። መለኪያውን ክንዷ ላይ አስራ ነፋችውና አዳመጠች። ምንም የለም። ደግማ ነፋች። አሁንም ጭጭ። "የኔ ጆሮ ነው" አለች በልቧ፤ አራሷ አንድ ነገር ሆና ይሆናል ብላ አልጠረጠረችም። ሲስተር ደርሰው "ስንት ነው?" ሲሏት አፏ ላይ የመጣላትን "መቶ አሥር በሰባ" አለች። "ጎበዝ!" ብለዋት አለፉ።

አራሷ ግን "እህቴ፣ በረደኝ" አለች። ከንፈሯ ነጥቷል። ዓይናዲስ ሮጣ ሲስተርን ደረሰችባቸውና፣ "ዋሽቻለሁ፤ ምንም አልሰማሁም" አለቻቸው።

ሲስተር ተመልሰው ራሳቸው ለኩ። እሳቸውም ምንም አልሰሙ። ብርድ ልብሱን ቢገልጡት አንሶላው በደም ርሷል። ለካ ድምፁ የጠፋው ግፊቷ ወርዶ ነው፤ የተማሪዋ ጆሮስ ደህና ነበር። ሐኪም ተጠራ፣ ደም ተሰጣት፣ አራሷም ለጥቂት ተረፈች።

ሲስተር፣ "ሰው እየሞተ እንዴት ትዋሻለሽ?" ብለው ጮኹባት።

ዓይናዲስ እያለቀሰች፣ "እየሞተች እንደሆነ አላወቅኩም፣ ሲስተር። የማውቀው እርስዎ እንደሚቆጡ ብቻ ነበር" አለቻቸው።



ወዳጄ፣ ያላወቀን ሰው ብታሳፍረው አለማወቁን መደበቅ ይማራል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም። የደበቀውን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ አልጋው ላይ የተኛው ነው። በቤትህም ሆነ በሥራህ "አልገባኝም" የሚልህ ሰው ከጠፋ ቶሎ ደስ አይበልህ። ዝም ያሉት ሁሉም ገብቷቸው ነው ወይስ አንተን ፈርተው?