የዘንዶው ጋቢና

በአንድ ወቅት፣ ታክሲና ዘንዶ በአንድ አስፋልት በሚጋፉበት ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ፒያሳ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩስ ነበር። ትርንጎ የምትጓጓው ለአንድ ነገር ነው፤ ጋቢና ተቀምጦ ለመሄድ። ግፊያ ግን አትችልበትም። ሁሌ የሚደርሳት የኋላው ወንበር ነው፣ ያንዱ ክርን ጎኗን እየወጋት። አይ ትርንጎ! ከተማዋን የምታውቃት በሰው ትከሻ ላይ አሾልቃ ነው።

አንድ አመሻሽ በጋሽ ዘርፉ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ገና አራት ኪሎ ሳይደርሱ እንቅልፍ ጣላት። ስድስት ኪሎ ሊደርሱ ሲሉ አስፋልቱ ተሰነጠቀና ዘንዶ ብቅ አለ። ታክሲውን ከነተሳፋሪው ዋጥ አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ሊመለስ ዞረ። ሰው ኡኡ ሲል ትርንጎ ታንኮራፋለች።

በሰፈሩ ገድሉ የሚባል ጎበዝ ነበር። ገና በእናቱ ሆድ ሳለ «ይህ ልጅ ዘንዶ ይገድላል» ተብሎ ትንቢት ተነግሮለት፣ ዕድሜውን ጎራዴ ሲስል ኖሯል። ትዳሩንም ሥራውንም «ከዘንዶው በኋላ» እያለ። ይኸው ቀኑ ደረሰ፤ ጎራዴውን መዞ መጣ። ግን ዘንዶውን ቢወጋ ተሳፋሪውም አብሮ ሊወጋ ነው። እንባው መጣ። ጎራዴውን ወረወረና ስንጥቁ ላይ በጀርባው ተጋደመ።

«ረግጠኸኝ ካልሆነ አታልፍም!» አለው።

ዘንዶው ሰው መርገጥ ነውር መሰለውና ግራ ገብቶት ቆመ።

ግራ ሲገባው ሆዱ ውስጥ እሳት ይነሳል። ጋሽ ዘርፉ ታክሲውን እንደ ልጁ ነበር የሚያያት፤ ሲያጥባት እንኳ ያወራታል። እሳቱ ሲመጣ ግን ሰውን ሁሉ ከታክሲዋ አስወርዶ ወደ ዘንዶው አፍ ላከ። ትርንጎን ከነእንቅልፏ ተሸክመው የዘንዶው ምላስ ላይ አስተኟት። ከዚያ ጋሽ ዘርፉ «ይቅር በይኝ» አላትና ታክሲዋን ገፍቶ እሳቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ደፈነባት። ሰዉ ከመቃጠል ዳነ፤ የዘንዶው አፍ ግን እንደተዘጋ ነው።

ይሄኔ ትርንጎ ባነነች። ጨለማ ነው፣ ከሥሯ ይንገጫገጫል።

«ወይኔ፣ አሳለፈኝ!» ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፤ «ወራጅ አለ!»

ዘንዶው ጥጉን ያዘ። አፉን ከፈተ። «ቀስ ብላችሁ ውረዱ» አለ ደግሞ! አንድም ሰው ሳይጫር ወረዱ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከአስፋልት ሥር ሆኜ ይህን ቃል ስሰማ ኖርኩ» አለ ዘንዶው በደስታ። «ለእኔ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ያማረኝ ሰው መብላት አይደለም፣ ሰው ማመላለስ ነው። ከነገ ጀምሮ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ በሰማይ እሠራለሁ። በቀንዶቼ መሃል ጋቢና አለ፤ የሚይዘው አንድ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች ያተረፈ ዕድሜ ልኩን ይቀመጥበት።»

ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ወዲያው ክርክሩ ተጀመረ።

«የተወለድኩለትን ነገር ነው የጣልኩት» አለ ገድሉ። «አሁን ምን ቀረኝ?»

«እኔስ? ታክሲዬ አመድ ሆነች» አለ ጋሽ ዘርፉ።

«አፉን ያስከፈተችው እሷ አይደለች እንዴ? እንዴት ያለ ብልሃት ነው!» እያለ ሰው ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ።

ዝም ብትል ጋቢናው የእሷ ነበር። እንደዚያ ቀን አንድ ነገር አምሯት አያውቅም።

«የምን ብልሃት፣ ተኝቼ ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ። «መውረጃዬ ያለፈኝ መስሎኝ ነው።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለስ የለም። ቀና አለችና፣ «ጋቢናውን ግን እፈልገዋለሁ! እሱንም አልዋሽም» አለች።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ገድሉና ጋሽ ዘርፉም ሳይቀሩ ሳቁ። ዘንዶው ክንፉን ዘርግቶ «ኧረ ቶሎ በሉ» ይላል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ትንቢቱን ጥሎ መንገድ የዘጋው ገድሉ፣ ታክሲውን ሰውቶ እሳት ያፈነው ጋሽ ዘርፉ፣ ወይስ በእንቅልፍ ልቧ አፍ አስከፍታ እውነቱን ያልደበቀችው ትርንጎ፤ ጋቢናው የሚገባው ለማን ነው?