አርባ ቀን እሳት ያልነካው

በአንድ ወቅት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ ጋሽ ተክለወልድ የሚባሉ የአይሱዙ ባለቤት ነበሩ። ሰውነታቸውም ከአይሱዙው ብዙ አያንስም፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ የሚያሳዝነው ሚዛኑ ነው። አንድ ቀን ሙዝ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን ተበጠሰ። መሪውን ሙጭጭ አድርገው ይዘው ጮሁ።

«ገብርኤል! ከዚች ካወጣኸኝ አርባ ቀን እሳት የነካው ምግብ አልበላም!»

መኪናው የሰው የሙዝ ማሳ ውስጥ ገብቶ፣ ሙዝ እንደጫነ ሙዝ ላይ ቆመ። እሳቸው ጭረት እንኳ አልነካቸውም።

ሌላው ሰው ጧፍ ነው፣ ጃንጥላ ነው የሚሳለው። እሳቸው ግን በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው እንኳ ትዝ ያላቸው ቁርጥ ነበር። «ጥሬ ሥጋ እያለ ምን ቸገረኝ?» ብለው ሦስት ቀን ሥጋ ቤት ከረሙ። በአራተኛው ቀን ሁዳዴ ገባ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ወደ ንስሐ አባታቸው ሮጡ።

«አባ፣ ስለቱን ከፋሲካ በኋላ ብናደርገውስ?»

«ፍሬኑ የተበጠሰው ከፋሲካ በኋላ ነው እንዴ ልጄ?»

ሚስታቸው እትዬ ዘርፌ ደግሞ መኪናው ጋራዥ ስለቆመ ቦርሳውን ያዙ። «በቀን ሁለት መቶ ብር። ሥጋ ቤት የበላኸው ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ካለቀ ሽሮዬን ሠርቼ አቀርባለሁ፤ ከገብርኤል ጋር እዚያው ተነጋገር።»

ጋሽ ተክለወልድ የሟች እህታቸውን ሦስት ወንዶች ልጆች አስጠሩ። ሦስቱ በአንዲት የጭቃ ቤት፣ በአንድ ፍራሽ ነው የሚያድሩት፤ መካከለኛው ከተገላበጠ ሁሉም ይገላበጣል። ጋሽ ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። የግቢያቸው በር ላይ ያለችው ባዶ ሱቅ ቁልፍ ነው።

«ስለቴን ሳላፈርስ፣ በእግሬ ቆሜ፣ አርባኛው ቀን ገብርኤል ደጅ ያደረሰኝ ሱቋ የእሱ ናት። ለአንድ ሰው ነው ታዲያ። እንደ ፍራሻችሁ የምትጋሯት አይደለችም።»

ታላቁ ሸዋንግዛው አትክልት ተራ ደላላ ነው። ገበያው ሊበተን ሲል፣ ሻጭ ዕቃውን ጭኖ ላለመመለስ በሚለማመጥባት ሰዓት ሹልክ ብሎ ይገባል። ጥቅል ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ቲማቲሙን በጆንያ አምጥቶ ዘረገፈው፤ ከመቶ ብር መልስ አለው። በሳምንቱ የሥጋ ቤቱ ጉድጓድ ተደፈነ፣ ጭራሽ ተረፈ። እትዬ ዘርፌ የሽሮ ድስታቸውን መልሰው ሰቀሉ። ጋሽ ግን ቀኑን ሙሉ እያኘኩ ቀኑን ሙሉ ይርባቸዋል። «በግ በዚህ ነው እንዴ የሚሰባው?» ይላሉ። በአሥራ አራተኛው ቀን በጉን ሊራገሙ ብድግ ሲሉ ወለሉ ላይ ተዘረሩ።

መካከለኛው ጌጡ ጫኝና አውራጅ ነው። ጎመኑን አየና ሳቀ። «በዚህ ኩንታል ልሸከም ብል ኩንታሉ እኔን ይሸከመኛል!» ሸዋንግዛው ባተረፈው ብር አቮካዶና ሙዝ፣ ጥሬ ለውዝ፣ በማር የተለወሰ ሰሊጥ ገዝቶ መጣ። ጋሽ በሁለት ቀን ተነሱ፣ በሦስተኛው ቀን ሰው መሳደብ ጀመሩ። ቤቱ እፎይ አለ። ግን ሙዝና አቮካዶ ብቻ፣ ሙዝና አቮካዶ ብቻ ሲሆን የአፋቸው ዳር ተሰነጠቀ፣ ባታቸውን ይጨመድዳቸው ጀመር፣ ሆዳቸውም ተቆለፈ። በስድስተኛው ቀን ሽንት ቤት ገብተው ገብርኤልን ሲጣሩ ጎረቤት ሰማ።

ትንሹ ናሁሰናይ ጤና ጣቢያ ካርድ ያመላልሳል። ትምህርቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ማንበብ ነው። «ሆድ ሞላ ማለት ሰውነት ሞላ ማለት አይደለም፣ ጋሼ» አለ። ምስር ዘፍዝፎ በእርጥብ ጨርቅ አበቀለ፤ ሽፈራው የሚባለውን የሞሪንጋ ቅጠል ከግቢ ቀጥፎ ከሎሚ ጋር ወቀጠ፤ ፓፓያ አስከተለ።

«ይሄን ከምውጥ ፍሬኑ ድጋሚ ይበጠስ!» አሉ ጋሽ።

«ፍሬንዎትን ልፈታልዎት ነው እኮ» አለ ልጁ።

ዋጡ። የአፋቸው ቁስል ደረቀ፣ እግራቸው ተላቀቀ። ሆዳቸው መከፈቱን ደግሞ ማንም ሳይነግረው ሰፈሩ ሁሉ አወቀ።

ሠላሳ ሦስተኛው ቀን ላይ ማርና ለውዝ ተወደደ። ጌጡ ተጨንቆ ተጨንቆ መላ አገኘ፤ በሶ! ርካሽ ነው፣ ጉልበት ነው፣ ምድጃ አይፈልግ፣ ውሃ ብቻ። ሸዋንግዛው ዋጋውን ሰምቶ ወንድሙን ሳመው። እትዬ ዘርፌ ለጊዜው ጓዳ ያለውን ዱቄት አመጡ፤ ጌጡ ጨብጦ ጨብጦ ሰጠ። ጋሽ እንባቸው መጣ። የመጀመሪያዋ ጭብጦ ከንፈራቸው ስትደርስ ናሁሰናይ ከበር ገባ።

«ጋሼ፣ እንዳይበሉ! በሶ እኮ ገብሱ ተቆልቶ ነው!»

ጋሽ አፋቸውን እንደከፈቱ ወደ ጌጡ ዞሩ።

«ምድጃ አይተሃል አንተ?» አለ ጌጡ፣ ድምፁ ግን ሟሸሸ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እትዬ ዘርፌ። «እኔው አይደለሁ እንዴ በታኅሣሥ የቆላሁት!»

ጋሽ ጭብጦዋን እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው አስቀመጧት። ጣታቸውን ሊልሱ ሲሉ ሚስታቸው በጨርቅ ጠረጉላቸው።

አርባኛው ቀን ጋሽ ተክለወልድ ቀበቷቸው ላይ አራት አዲስ ቀዳዳ አስበስተው፣ ያለ ከዘራ፣ በእግራቸው ገብርኤል ደረሱ። ሲመለሱ እትዬ ዘርፌ የሚንተከተክ ሽሮ አቀረቡላቸው። ሦስቱ ወንድማማቾች ከፊታቸው ቆሙ።

«እኔ ባተረፍኩት ብር ባይሆን ኖሮ ይሄን ሽሮ በአሥረኛው ቀን በልተውት ነበር» አለ ሸዋንግዛው። «ማሩም የተገዛው በዚያው ብር ነው።»

«በአሥራ አራተኛው ቀን ማን አነሳዎት?» አለ ጌጡ። «ብሩ ነው ያነሳዎት? ወገቤ ደግሞ ከዚህ ወዲያ ጆንያ አልችልም እያለ ነው፣ ጋሼ።»

«በሶ አብልቶ ስለቱን ሊያስፈርስ የነበረውም እሱው ነው» አለ ናሁሰናይ። «እኔ ባልደርስ ቆመው ይሄዱ ነበር፤ ግን የትኛውን ስለት ይዘው?»

«አንተ ከመምጣትህ በፊት ሞተው ቢሆንስ ምስርህን ለማን ታበቅል ነበር?» አለው ጌጡ።

ጋሽ ሊፈርዱ ቁልፉን አነሱ፣ ቀድመው ግን አንዴ ጎረሱ። ሽሮው ምላሳቸውን ለበለባቸው፤ እጃቸውን አራግበው ሁሉንም አስወጧቸው።

ሦስቱ ዛሬም በአንድ ፍራሽ ነው የሚያድሩት፤ አሁን ግን መካከለኛው ሲገላበጥ ሌሎቹ ሆን ብለው አይገላበጡለትም። ሱቋም እንደተቆለፈች ናት። እኔ አንዴ ፈርጄ ሁለቱ አኩርፈውኛል፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ብሩን ያዳነው፣ ሰውየውን ያነሳው፣ ወይስ አካሉንም ስለቱንም የጠገነው፤ ቁልፉ ለማን ይገባል?