ከቁርበቱ ሥር የተኛው የውሃ አባት

አንድ ጊዜ በጋው ከዓመት ዓመት ጠንቶ፣ በአንድ ቆላ ውስጥ ምንጭ ሁሉ ነጥፎ፣ ለእንስሳቱና ለአራዊቱ የቀረቻቸው አንዲት ምንጭ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን አፏ ከገበቴ አይሰፋም። ስለዚህ ተሰብስበው ተማማሉ። በምንጯ አጠገብ ማንም ማንንም አይበላም፤ ሁሉም በተራው ይጠጣል፤ ተራውን የሚያድል የውሃ አባት ይሾማል፤ የውሃ አባትም በትዳሩ የታመነ፣ የጎረቤቱን ቤት የማይደፍር ይሁን ተባለ።

ሕጉስ ደግ ሕግ ነበር። ጣጣው የመጣው ከጎራው ነው። በላይኛው ዳር የሚጠጡት ቀንድ ያላቸው ስለሆኑ «ቀንዳሞች» ተባሉ፤ በታችኛው ዳር የሚጠጡት ክራንቻ ያላቸው ደግሞ «ጥርሳሞች»። እንዳይጣሉም የውሃ አባት ከየወገኑ አንድ አንድ ሾሙ። ከቀንዳሞች ድኩላ፣ ከጥርሳሞች ከርከሮ፣ ቀን በቀን እየተፈራረቁ የውሃውን በትር ይይዙ ጀመር።

ድኩላ መልከ መልካም ነበር። ስለ ትዳር መናገር ሲጀምር ዝንጀሮ እንኳ እንባዋን ትጠርግ ነበር። አምና ከርከሮ ከጃርት ሚስት ጋር ታየ በተባለ ጊዜ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ቤት ያላከበረ ውሃ አያከብርም!» ብሎ የጮኸው ድኩላ ነው። ቀንዳሞች ሁሉ ተከትለውት ጮኹ። ጥርሳሞች በበኩላቸው «የጓዳ ነገር በጓዳ ይቅር! ከርከሮ ውሃ አጎደለባችሁ ወይ?» ብለው መለሱ። ብዙ አቧራ ከተነሣ በኋላ ከርከሮ ተሽሮ ነብር ተተካ። የጃርትን ሚስት ግን «አንቺስ ምን ሆንሽ?» ያላት አልነበረም።

ዘንድሮ ነገር ዞረ።

ሚዳቋ የሚሏት አንዲት እናት ነበረች፤ ባሏን አዳኝ የገደለባት፣ አንድ ግልገል ይዛ የቀረች። በድኩላ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ መጥታ ተሰለፈች።

«ተራሽ አልፏል» አላት ድኩላ።

«ጌታዬ፣ ከኔ በፊት ማንም አልመጣም እኮ።»

«አልፏል ካልኩ አልፏል። ግን አትዘኚ፤ ተራ ከፈለጉት አይጠፋም። ቀትር ላይ ሁሉም ሲያሸልብ ወደ ቁጥቋጦሽ ብቅ እልና እንነጋገርበታለን።»

ሚዳቋ የዋህ ስለነበረች ስለ ውሃ የሚነጋገሩ መሰላት። ቀትር ላይ ድኩላ ቀንዱን በቅጠል አሻሽቶ፣ አንገቱን ሰብቆ መጣ።

«ፈቃዴን ከፈጸምሽ ልጅሽ በየቀኑ ይጠጣል» አላት። «እምቢ ካልሽ ግን የደረቀ ምላሱን እያየሽ ትከርሚያለሽ።»

«ባለቤትዎን አይፈሩም? እሷንስ ባይፈሩ እግዜርን አይፈሩም?»

«እግዜር የቀንዳሞች ወገን ነው» አላት ድኩላ፣ ሳያፍር።

ሚዳቋ በኋላ እግሯ አፈር በትናበት ልጇን ይዛ ሸሸች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተራዋ ተሰረዘ፤ በነብር ቀንም «የቀንዳም ተራ ከድኩላ ጠይቂ» እየተባለች ተመለሰች።

ከቁጥቋጦው ጀርባ ግን አህያ አቧራ ላይ ተንከባላ ጋደም ብላ ነበር። ሚዳቋ ስታለቅስ ሰምታ መጣች።

«እኔስ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፣ ልጄ» አለቻት። «ይሄ ጆሮዬ ግን መቼ ይተኛል! ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሄደሽ ለወገኖችሽ ንገሪ።»

ሚዳቋ ወደ ፍየል ሄደች፤ የቀንዳሞች አፈ ጉባኤ ፍየል ነውና። ፍየል ጢሙን እያሻሸ ሰማትና ግራ ቀኙን አየ።

«እሽሽ! ቀስ በይ እንጂ! ጥርሳሞች ቢሰሙስ? በገዛ ወገንሽ ላይ? የቀንዳም ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«አያ ፍየል፣ እኔ እኮ ቀንድ እንኳ የለኝም» አለች ሚዳቋ።

«ለዚህ ነዋ ነገሩ የማይገባሽ!» አላትና አባረራት።

ቢቸግራት ወደ ጥርሳሞች ወረደች። እዚያ የሚናገርላቸው ጅብ ነበር። ጅብ ወሬውን ሲሰማ በደስታ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ድኩላ? ያ አልቃሻው ድኩላ? እሰይ! በያለበት ትናገሪልናለሽ፤ ድንጋይ ላይ እናወጣሻለን፤ አምና በከርከሮ ያደረሱብንን እናወራርዳለን!»

«እሺ፣ አያ ጅቦ። ግን ልጄ መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ።»

«የምን ልጅ?» አለ ጅብ። ዝቅ ብሎ ግልገሏን አየና ለሃጩ ወረደ። «አይ… ደህና ልጅ ነው። ገር ነው መሰለኝ ሥጋው።»

ሚዳቋ ሁለተኛ አልጠበቀችም። ልጇን ይዛ በረረች።

በመጨረሻ ሚዳቋና አህያ ተያይዘው ዳኛው ዘንድ ሄዱ። ዳኛው ያረጀ አንበሳ ነው፤ ከጥርሱ አብዛኛው ረግፏል፣ ጥፍሩ ግን አለ። ሁለቱንም አዳምጦ ግልገሉን ከራሱ ድርሻ አንድ ጉንጭ አስጠጣውና አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ ሳቅ አለ።

«አፈርሳታ ይጠራ» አለ።

አፈርሳታ ማለት የድሮ ሥርዓት ነው። በደል ሲደርስ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ይቀመጣል፤ እውነቱ ወጥቶ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ እህል ውሃም አይቀምስም።

በማግስቱ ሁሉም በግራሩ ጥላ ተሰበሰበ። መሀል ላይ ሰፊ የበሬ ቁርበት ተዘርግቷል፤ ከሥሩ አንድ ነገር ጉብ ብሎ ተኝቷል። ድኩላም ነብርም አልታዩም። ጉዳዩ ይህ ነው፤ አንበሳ ማለዳ ነብርን ለመልእክት ሩቅ ሰዶ፣ ድኩላን ደግሞ «እዚህ ሥር ተኛ፤ ትንፍሽ ብትል ጥፍሬን ታውቀዋለህ» ብሎ ሸፍኖት ነበር። ይህን ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ፍየልና ጅብ እንኳ ከሚዳቋ የድኩላን ስም ቢሰሙም፣ ነብርም አብሮ ስለጠፋ፣ ዳኛው መርምሮ በዳዩ ነብር ሆኖ አግኝቶት ይሆናል ብለው ተጠራጠሩ።

«ስሙ» አለ አንበሳ። «አንድ የውሃ አባት በቀትር ወደዚህች እናት ወደ ሚዳቋ ቤት ሄዶ፣ ፈቃዴን ካልፈጸምሽ ልጅሽ በጥም ይሙት ብሏታል። አህያ በጆሮዋ ሰምታለች፤ ምላም መስክራለች። በዳዩ ከዚህ ቁርበት ሥር ነው። ፍረዱ።»

ሁሉም ቁርበቱን በዓይኑ ይመረምር ጀመር።

ፍየል ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ቀንዳም ነው ጥርሳም?»

«ምን አደረገ አልኩህ እንጂ ምን አበቀለ አልኩህ?»

«ለፍርዱ እንዲመቸን ብዬ ነው…»

ጅብም ፈራ ተባ እያለ «ጭራውን ብቻ ብናይስ?» አለ።

«አይታይም!»

ሁለቱም ወደ ቀበሮ ዞሩ። ቀበሮ ጠዋት ላይኛው ዳር፣ ማታ ታችኛው ዳር የምትውል፣ ለሁለቱም ወገን የሚናገሩትን የምታቀብል ናት። ለፍየል አንድ ነገር በጆሮው፣ ለጅብም ያንኑ በጆሮው አንሾካሾከችላቸው። ፍየል ተነሥቶ፣ «ነገሩ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ቀላል ሊሆን ይችላል» አለ። ጅብ ተነሥቶ፣ «ነገሩ ቀላል ነው፤ ቢሆንም ሊከብድ ይችላል» አለ። ሁለቱም ተጨበጨበላቸው።

«እንደዚህማ ከሆነ እዚሁ እናመሻለን» አለ አንበሳና አገጩን በእግሩ ላይ አሳረፈ።

ፀሐይ ከፍ አለች፣ ጠነከረች። ምንጯ ከፊታቸው ኩልል ትላለች፣ የሚቀምሳት ግን የለም። ምላስ ሁሉ ወጣ። የሚዳቋ ልጅ ትንሽ ጮኸ፤ ፍየል «ዝም አሰኚው፣ ጉባኤ ላይ ነን» አላት።

ጅብን ግን ከጥሙ ይልቅ ሌላ ነገር ፈተነው። የተቀመጠው ከቁርበቱ ጫፍ ላይ ነበር። ቁርበት ደግሞ፣ ለሚያውቀው፣ ይሸታል። ጅብ መጀመሪያ አሸተተ። ቀጥሎ ላሰ። ከዚያ ፊቱን ወደ ዳኛው አድርጎ፣ በጎን በኩል ቀስ እያለ ይቆረጥመው ጀመር። ክርትፍ፣ ክርትፍ።

ድምፁ ከቁርበቱ በኩል ሲመጣ ፍየል ጆሮው ቆመ።

«ሰማችሁ? ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማችሁ? ቀንዳም ጥርስ አያፋጭም! ነብር ነው!»

ያኔ ቀንዳሞች ልባቸው ሞላ። ብድግ ብለው ባንድ ድምፅ፣ «ቤት ያላከበረ ውሃ አያከብርም! በትሩን ይቀማ! ዝናብ እስኪጥል ከወንዝ ማዶ ይሰደድ! ወይኔ እህታችን ሚዳቋ! ወይኔ ልጇ!» አሉ። ፍየል እንባውን በጢሙ ጠረገ።

ጥርሳሞችም አመኑ፤ ነብርማ ነው አሉ። ጅብ አፉን በቁርበት ሞልቶ ተነሣ፤ «የጓዳ ነገር በጓዳ ይቅር! ውሃ አጎደለባችሁ ወይ? ደግሞስ እሷ በቀትር ለብቻዋ ቁጥቋጦ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«ቤቴ ነው» አለች ሚዳቋ። የሰማት የለም።

ጅብ ተናግሮ ሲቀመጥ የቀረውን ቁርበት አንዴ ሳበው። ቁርበቱ ተቀደደ። በቀዳዳው ውስጥ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ በቅጠል የተሻሸ ቀንድ ብቅ አለ።

ለአፍታ ሁሉም ደነገጠ። ከዚያ ልጆች፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ አፍ እንዲያ ሲገለበጥ ታይቶ አይታወቅም።

«የጓዳ ነገር…» አለ ፍየል፣ «በጓዳ ይቅር! ውሃ አጎደለባችሁ ወይ?»

«ቤት ያላከበረ ውሃ አያከብርም!» ብሎ ጮኸ ጅብ፤ የቁርበት ቁራጭ ከአፉ ወደቀ። «ወይኔ እህታችን ሚዳቋ!»

«በቀትር ምን ትሠራ ነበር?» አሉ ቀንዳሞች።

«ቤቷ ነው እኮ! እናት ናት!» አሉ ጥርሳሞች።

ቀበሮ ብቻ ምንም አልቀየረችም፤ ያቀበለቻቸው ቃል አንድ ነው፣ የተለዋወጠው አፉ ነው።

አንበሳ አንዴ አገሳ። ፀጥ አሉ።

«ጨርሳችኋል?» አለ። «ቀንዳሞች፣ ቅድም ፈርዳችሁበታል። ጥርሳሞች፣ አሁን ፈርዳችሁበታል። እንግዲህ ከሁለት ወገን ያልፈረደበት አልቀረም። ፍርዱ ሙሉ ነው። በትሩን ይቀማ፣ ከወንዝ ማዶ ይሰደድ።»

ቀበሮ ለስለስ ብላ ተነሣች። «አባታችን፣ እንዲያ ከተቆጠረማ ያልማረውም የለም። ሁለቱም ወገን ምሮታል።»

«ምሕረት የናንተ አይደለም» አለ አንበሳ። «የሷ ነው። ሚዳቋ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ይህ ሁሉ ሲነገር ሚዳቋ የተጠየቀችው ገና ይህን ጊዜ ነው። ግልገሏን ወደ ጉያዋ አስጠጋች።

«እኔ ለነፍሱ እግዜር ይማረው» አለች። «በትሩ ግን ወደ እጁ አይመለስ። ነገ ደግሞ የሌላ ልጅ ይጠማል።»

ድኩላ የተቀደደውን ቁርበት በቀንዱ እንዳንጠለጠለ ተነሣ። ከተሰበሰበው መሀል ሚስቱ ወጥታ መጣች፤ ቁርበቱን አንሥታ ጣለችለት።

«በል ቅደም። ከወንዝ ማዶ አብሬህ ነው የምሄደው» አለችው። «የነሱ ፍርድ አልቋል፤ የኔ ገና ነው።»

የዚያን ጊዜ ነው ድኩላ ከልቡ የደነገጠው።

አንበሳ የውሃውን በትር አንሥቶ ለአህያ ሰጣት። ሁለቱም ወገን አጉረመረመ። ፍየል ከላይ፣ ጅብ ከታች ወደ እሷ ቀረቡ።

«እትዬ አህያ፣ እንግዲህ ቁርጡን ንገሪን» አሏት። «ቀንድ ነሽ ጥርስ?»

አህያ በትሩን ነክሳ መሬት ላይ ተከለችው፤ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎቿንም አቆመች።

«እኔ ጆሮ ነኝ» አለች። «በሉ ዞር በሉ፤ ተራው የልጁ ነው።»

ሚዳቋ ልጇን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። እሱም በፍየልና በጅብ መሀል አልፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እስኪበቃው ጠጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ በደል ሲሰማ «ምን ተደረገ?» ሳይሆን «የማን ወገን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ፍርዱ ለበዳይ መሸፈኛ ቁርበት እንጂ ለተጠማው ውሃ እንደማይሆን ነው።