የመምህር ከርከሮ ወንበር

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

አንዲት ጃርት እናቷንና እህቶቿን ትታ ወንዝ ማዶ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። እሾኋን ፈርቶ አጠገቡ የሚያስቀምጣት ስለጠፋ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ዕንባዋን እየዋጠች ጥግ ላይ ቆማ ተማረች።

ተንኮል የማያልቅበት ጦጣ ጠጋ አለና፣ «እዚህ አዲስ ተማሪ የሚቀመጠው መምህሩ ወንበር ላይ ነው» አላት። አምናው ተቀመጠች።

ወዲያው መምህር ከርከሮ ገባ። «አንቺ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

ጃርቷ ጦጣውን አየችው፤ እሱ ጣራ ጣራውን ያያል። «ወንበሩ ቀዝቅዞ ነበር፣ ቲቸር፤ ላሙቅልዎት ብዬ ነው» አለች።

«ያሳደገሽ ይባረክ» አለና ደስ ብሎት ተቀመጠ፤ ብዙም አልቆየ። ሦስት እሾሆች ወንበሩ ላይ ቀርተው ኖሮ፣ እየጮኸ ዘሎ ተነሣ።

በቁጣ ወደ ጃርቷ ሲዞር፣ እንዳላሳበቀችበት የገባው ጦጣ እጁን አወጣ። «ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አለ፤ ጥፋቱን ሲያምን የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

ሁለቱም ግቢውን እንዲጠርጉ ተፈረደባቸው። እየሳቁ ሲጠርጉ ዋሉ።

በማግስቱ ጃርቷ ወደ ሰፈሯ የምትበር ቁራ አግኝታ እንዲህ ብላ ላከቻት፦ «እማዬን አታስቢ በያት። አብሮኝ የሚቀጣ ጓደኛ አግኝቻለሁ።»