የኖኅ መርከብና ኩራተኛው መስመር

ልጆች፣ ጆሮ ስጡኝ። እኔ ላውራ፣ እናንተ ስሙ፣ የጎደለውን እግዚአብሔር ይሙላው።

በድሮ ጊዜ አባ ጥዑመ የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የኖኅን መርከብ ሊሥሉ አስበው በከሰል አራት መስመር ጫሩ። አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ጠመዝማዛ፣ አንዱ ስብርብር ያለ፣ አንዷ ጎባጣ። «የሚያገለግለውን ቀለም አስነካዋለሁ፤ የማያገለግለውን እርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል» አሉና ጸሎት ሊያደርሱ ሄዱ።

ይሄኔ ቀጥ ያለው ደረቱን ነፋ። መስመር ደረት ካለው ነው እንግዲህ!

ጠመዝማዛውን፣ «አንተ ሰካራም! በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ትንገዳገዳለህ?» አለው።

ስብርብሩን፣ «አንተ የአህያ ጥርስ!» አለው።

ጎባጣዋን፣ «አንቺስ እመቤት፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው የምታጎነብሺ? ዞር በሉልኝ፤ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ» አላት።

ሦስቱም አዝነው ወደ ጥግ ሸሹ።

ቀጥ ያለው ጣውላ ሆኖ መርከቡን ሠራ። ይሁን፣ ይሄስ ደህና ነበር። ቀጥሎ ውኃ እሆናለሁ ብሎ ተጋደመ፤ ወለል ሆነ። ተራራ እሆናለሁ ብሎ ቆመ፤ ምሰሶ ሆነ። ቀስተ ደመና እሆናለሁ ብሎ ሰማይ ላይ ወጣ፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ሆነ።

እርጥቡ ጨርቅ ሳቀበት። «ጌታው፣ ኖኅ ልብስ ሊያሰጣ ነው እንዴ የገባው?»

አባ ጥዑመ ተመለሱ። «ይሄ መርከብ ነው ጎተራ?» ብለው ጨርቁን አነሡ። ወለሉን ጠረጉ፣ ምሰሶውን ጠረጉ፣ ገመዱን ጠረጉ። ጣውላው ብቻ ቀረ። እጃቸው ወደ እሱ ሲመጣ ቀጥ ያለው ጮኸ።

«ወንድሜ ጠመዝማዛው፣ ድረስልኝ! መጥፋቴ ነው!»

«ምነው፣ ሰካራም አይደለሁም?»

«የሰከርኩትስ እኔ ነኝ፤ ስለ እመብርሃን ብለህ ይቅር በለኝ!»

ጠመዝማዛው ሥሩ ገብቶ ሞገድ ሆነ፤ መርከቡ ብድግ አለ። ስብርብሩ ተራራ ሆነ። ጎባጣዋ ከሁሉም በላይ ወጥታ ቀስተ ደመና ሆነች። አባ ጥዑመ ጨርቁን ጣሉና ቀለም አነሡ።

ያ ኩራተኛ ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ አለ፤ ሰካራም ብሎ የሰደበው ሞገድ ተሸክሞት።

ልጆች፣ ቀጥ ማለት ደግ ነው። ግን እግዚአብሔር ለኖኅ ምልክት ሲሰጠው፣ ሰማይ ላይ ያወጣት ጎባጣዋን ነው።